ተቀባይ ያለው ዜማ፦ ሙዚቃ የሰውን መንፈስ መቼ ያጠነክራል? መቼስ ያገናኛል?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ከቡናው ጢስና ከዕጣኑ ቀድሞ የትዝታ ቅኝት ይቀበለዋል። በአንዱ ጠረጴዛ ከአገሩ ከወጣ ዓመታት የተቆጠሩ ኢትዮጵያዊ ተቀምጧል፤ በሌላው ደግሞ ከጎረቤት ፎቅ የመጣ ኬንያዊ። የዘፈኑ ቃል የሚገባው ለአንደኛው ብቻ ነው። ትከሻቸው ግን አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ኪሊማኒ በስዋሂሊ «ኮረብታው ላይ» እንደ ማለት ነው። ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በንጎንግና በአርጉዊንግስ ኮዴክ መንገዶች ዙሪያ የተዘረጋው ይህ ሰፈር የቀድሞ ባለ ግቢ ቤቶቹን ለረጃጅም ፎቆች እየለቀቀ ነው። ከብዙ አገር የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዘፈኑን በግድግዳው በኩል ይሰማል። ስለዚህ «ሙዚቃ ሰውን ከሰው ያገናኛል» የሚለውን አባባል ለመመርመር ኪሊማኒ ጥሩ መቆሚያ ነው።

አባባሉን ሁላችንም እንቀበለዋለን። ስለምንቀበለውም አንመረምረውም። ሙዚቃ በእርግጥ መንፈስን ያጠነክራል ወይ? የሚያገናኘውስ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? ባላገናኘ ጊዜ ምን ጎድሎት ነው? ይህ ዳሰሳ ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከሌላው ዓለም የተገኙትን ማስረጃዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋል።

መለኪያ የሚሆነንን ቃል ከአዝማሪ ቤት እንዋስ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ሳለ ከታዳሚው አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙንም ይሰጠዋል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያዋዛዋል፣ ያሳምረዋል፣ ለቤቱ ሁሉ ያካፍለዋል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ዘፈኑ የአንድ ሰው አይደለም። የሰጪም የተቀባይም ሆኗል። ወደፊት እንደምናየው የሙዚቃ ኃይል የሚገኘው በዚህ መቀባበል ውስጥ ነው።

ከእሹሩሩ እስከ ሙሾ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የሚቀበለው የመጀመሪያው ዜማ የእናቱ እሹሩሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት የ315 ማኅበረሰቦችን መዛግብት ፈትሾ ሙዚቃ የሌለው ማኅበረሰብ አላገኘም። የእሹሩሩ፣ የጭፈራ፣ የፈውስና የፍቅር ዘፈኖችም ባህል ከባህል ቢለያይም የጋራ መልክ እንዳላቸው አሳየ። ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ እንኳ ዜማውን ሰምቶ ልጅ ማስተኛ ነው ወይስ ማስጨፈሪያ የሚለውን መገመት ይችላል።

የኬንያ ብሔራዊ መዝሙር ለዚህ ልዩ ምስክር ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ነፃ ስትወጣ ለመዝሙሯ የተመረጠው ዜማ ከኬንያው ታና ወንዝ ዳር ከሚኖረው የፖኮሞ ሕዝብ የተገኘ ነው። ዜማው እናት ልጇን የምታባብልበት እሹሩሩ ነበር። ከአርባ በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩባት አገር አንድ ሆና የምትቆመው አንዲት እናት ለአንድ ሕፃን ባንጎራጎረችው ዜማ ነው። የፖኮሞዋ እናት ሰጠች፣ አገር ተቀበለች።

በእኛም አገር ዘፈን ከሥራና ከኑሮ ተነጥሎ አያውቅም። ደቦ የወጣ ገበሬ የሚያጭደው በዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱም በአንድነት ይወርዳል። ሴቷ ወፍጮ ስትፈጭ ብሶቷን ለድንጋዩ እያንጎራጎረች ሌሊቱን ትገፋለች። ዘማች በቀረርቶና በፉከራ ልቡን ያደነድናል። ሙሽራ በዘፈን ይሸኛል፣ በዘፈን ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሙሾን ማስተዋል ይገባል። ሐዘን ሰውን ያፍናል፣ ቃል ያሳጣዋል። አስለቃሿ ለሟች ወገኖች የጎደላቸውን ቃል ትሰጣቸዋለች። የሟቹን ውለታ፣ ያልተፈጸመ ምኞቱን፣ የቀሩትን ልጆች እያነሳች በዜማ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም እያለቀሰ ይቀበላታል። ብቻውን ቢሸከመው የሚሰብረው ሐዘን ለመቶ ሰው ይከፋፈላል። ሙሾ ሐዘንን አያጠፋም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሸከመው ያደርጋል። «ሙዚቃ መንፈስን ያጠነክራል» ስንል ከዚህ የበለጠ ትርጉም የምናገኝለት አይመስለኝም።

ዘመዳሞቹ አውታሮች

ኪሊማኒ ተቀምጦ ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚያስተያይ ሰው አንድ ዝምድና ሊያመልጠው አይገባም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ሉኦዎች ኒያቲቲ የሚባል ባለ ስምንት አውታር መሣሪያ አላቸው። ሁለት ምሰሶ፣ አግድም ቀንበር፣ በቆዳ የተለበጠ ገበቴ አለው። ኢትዮጵያዊ ሲያየው ወዲያው «ይሄማ ክራር ነው!» ይላል። አልተሳሳተም። ባለ አምስትና ባለ ስድስት አውታሩ ክራራችን፣ ባለ አሥር አውታሩ በገናችን፣ የሱዳኑ ታምቡር፣ የግብፁ ሲምሲሚያ፣ የጉሲዎቹ ኦቦካኖና የሉኦዎቹ ኒያቲቲ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

የኒያቲቲ ተጫዋች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ይደረድራል። በእግሩ ጣት ባጠለቀው የብረት ቀለበት የመሣሪያውን ጠርዝ እየመታ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሰረውን ቃጭል እያንሿሿ፣ በአፉም እያዜመ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ባንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፈው አዩብ ኦጋዳ ይህን የገጠር መሣሪያ ለዓለም መድረክ አብቅቶታል። ከሐይቁ ዳር እስከ ሰሜን ተራሮቻችን የሚዘልቁት እነዚህ አውታሮች ድንበር ከመሰመሩ አስቀድሞ ሕዝቦች ይቀባበሉ እንደነበር ይመሰክራሉ።

ይህን ዝምድና ወደ መድረክ ያወጣው ናይል ፕሮጀክት ነው። ግብፃዊው ሚና ግርግስና በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ድምፃዊት ምክሊት ሐዴሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመሩት ይህ ጥረት የአባይ ተፋሰስ አገሮችን ሙዚቀኞች ሰበሰበ። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በዚያው ዓመት ነበር። መንግሥታት ስለ ውኃው ሲከራከሩ፣ ሙዚቀኞቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አስዋን ላይ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ቅኝት ይማር ገባ። መሰንቆ ተጫዋቹ እንድሪስ ሐሰን፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍን፣ ኬንያዊቷ ከበሮ መቺ ካሲቫ ሙቱዋ በአንድ ስብስብ ተጫወቱ። ዘፈን የውኃ ክርክር አይፈታም። አብሮ ለመዝፈን ግን መጀመሪያ ዝም ብሎ ሌላውን ማዳመጥ ግድ ይላል፤ በድርድር ጠረጴዛ የሚጠፋውም ይኸው ማዳመጥ ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

ሊቃውንቱ ይህን ጉዳይ በሙከራ ፈትነውታል። ሚካኤል ቶማሴሎና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የአራት ዓመት ሕፃናትን ሁለት ሁለት አድርገው ገሚሶቹን አብረው አዘፈኑ፣ ሌሎቹን ያለ ዘፈን አጫወቱ። ከዚያ በኋላ አብረው የዘፈኑት ሕፃናት እርስ በርስ ይበልጥ ተረዳዱ፣ ተባበሩ። በብሪታንያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ የማይተዋወቁ ጎልማሶችን ለሰባት ወር ተከታተለ። አንዳንዶቹ መዝሙር፣ ሌሎቹ የእጅ ሥራና የፈጠራ ጽሑፍ ይማሩ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ተቀራረቡ፤ የዘፈኑት ግን ከሁሉ ቀድመው ተላመዱ።

ይህ ለስደተኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ባዕድ ከተማ የገባ ሰው ወዳጅ ለማፍራት የሚፈጅበት ጊዜ የብቸኝነቱ ጊዜ ነውና፣ ያንን ጊዜ የሚያሳጥር ሁሉ መድኃኒት ነው።

በሕክምናም በኩል በስትሮክ ምክንያት መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሕሙማን ቃሉን በዜማ ሲያወጡት እንደሚሳካላቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ የንግግር ሕክምናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ፈትሾ ባወጣው ሪፖርት ሙዚቃን ጨምሮ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ ሕሙማንን በመርዳት ድርሻ እንዳለው ገልጿል። የጥናቶቹ ጥራት እኩል አይደለም፣ ዜማም የሐኪምን ቦታ አይወስድም። ከጥናቶቹ አንድ ነገር ግን ጎልቶ ይታያል፦ ሰውን ፈጥኖ የሚያቀራርበው አብሮ መዝፈን ነው። ሳይንሱ በራሱ መንገድ «ተቀበል» ወደሚለው ቃላችን ደረሰ።

በቀኝና በግራ

ይህን እውነት ቤተ ክርስቲያን ከመዘገበችው ቆይታለች። በትውፊቱ እንደሚነገረው የስድስተኛው መቶ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ሸሽቶ ሳለ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ዛፉ ላይ የወጣ ትል አየ፤ ልቡም ጠነከረ። ኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ደረሰ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምርም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በትሩን በያሬድ እግር ላይ ሲተክልበት ሁለቱም አልተሰማቸውም ይባላል። ሁለቱ ትረካዎች የዜማን ሁለት ኃይል ይይዛሉ፦ አንደኛው የወደቀን ያነሳል፣ ሁለተኛው ዘማሪንና ሰሚን አንድ ያደርጋል።

የማኅሌቱም አሠራር ይኸው ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ በከበሮ እየታጀቡ ሌሊቱን ያነጋሉ። አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይመልሳል። ሌሊት ሙሉ መቆም የሚያስችላቸው የአንዱ ድካም በሌላው ዜማ መታገዙ ነው። የወሎ ሙስሊሞች መንዙማም ከዚህ አይርቅም፤ መሪው ያወጣል፣ ጀማው በጭብጨባና በድቤ ይቀበላል። ሃይማኖታቸው የተለያየ ሁለት ጎረቤቶች መንፈስን ወደ ፈጣሪ የሚያነሱበት መንገድ መቀባበል መሆኑ ልብ ይነካል።

ጠላት የፈራው መሰንቆ

የሙዚቃን ኃይል ከወዳጆቹ ይልቅ ጠላቶቹ አሳምረው ያውቁታል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስት ኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሽስቶቹ አዲስ አበባን በደም አጠቡ። ከዚያ ለጥቀው እንዲታደኑ ትእዛዝ ከወጣባቸው ወገኖች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙ ነበር። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር ባለ አንድ አውታር መሰንቆ የያዘውን ሰው ለምን ፈራ? መልሱ ግልጽ ነው። ጋዜጣ ይታገዳል፣ ጠመንጃ ይማረካል። አዝማሪ በሰምና ወርቅ ያወረደው ግጥም ግን የሰማው ሁሉ ተቀብሎታልና ከማን ላይ ይቀማል?

በዚያ ዘመን ወረራውን ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በኬንያ ኢሲዮሎ፣ ኋላም ታቬታ በተባሉ ካምፖች ኖረዋል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ሌሎች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው የካኩማ ካምፕ ከመጀመሪያ ነዋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። ስደተኛ ቤቱንና መሬቱን ይዞ አይወጣም፤ ዜማው ግን ኬላ ላይ አይፈተሽም። ዛሬ በናይሮቢ የምንሰማው ትዝታ የዚያ ረጅም መንገድ ስንቅ ነው።

የስደተኛ ዜማ ምን ያህል እንደሚጸና የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይመሰክራል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ መድረክ ርቆት ለብዙ ዓመታት ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ አዲስ ትውልድ ሰማው፤ እሱም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት ዜማው መንፈሱን አጸናለት። ሙሉ የሆነው ግን ተቀባይ ሲያገኝ ነው።

ከኮረም በናይሮቢ በኩል

በ1977 ዓ.ም. የተፈጸመውን ሳያነሳ የሚያልፍ ዳሰሳ ጎዶሎ ነው። በኮረም የተራቡ ወገኖቻችንን ሥቃይ ለዓለም ያሳየው ካሜራ የናይሮቢ ካሜራ ነበር። በናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ያነሳው ፊልም በቢቢሲ ማይክል በርክ ዘገባ ታጅቦ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ተሰራጨ። አይርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ሙዚቀኞችን ሰበሰበ፤ ባንድ ኤይድ የተባለው የዚህ ስብስብ ዘፈን በዚያው ኅዳር ተቀረጸ። በጥር 1985 የአሜሪካ ድምፃውያን «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ዘፈኑ፤ ሐምሌ 13 ቀን ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። መሐመድ አሚን ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ። የሁለቱ ከተሞች ባለውለታ በሁለቱ ከተሞች መካከል አለፈ።

ያ ሙዚቃ እህልና መድኃኒት አስገኝቷል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን የባንድ ኤይድ ዘፈን የተራቡት የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆን ይጠይቅ ነበር። የተጠየቀችው አገር ደግሞ ክርስትናን በአራተኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የተቀበለች፣ ልደትን በያሬድ ዜማ የምታነጋ አገር ናት። ስለ ኢትዮጵያ በተዘፈነው ዘፈን ውስጥ የኢትዮጵያውያን ድምፅ አልነበረም። የተቀበልነው እህል ነበር፤ ግጥም የምንሰጥበት ቦታ ግን አልተተወልንም። ሆድን የሞላ ዜማ ክብርን ሊያጎድል እንደሚችል የተማርነው ያኔ ነው።

ናይሮቢ የራሷን ቁስል በራሷ ዜማ የጠገነችበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ የደረሰው ፍንዳታ በከተማዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ የድምፃዊው ኤሪክ ዋይናይና ዘፈን «ኬንያ ኦንሊ» የሐዘንተኛው ሕዝብ መዝሙር ሆነ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 በዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ባለው ኮሮጎቾ፣ ኤሊዛቤት ንጆሮጌ የመሠረተችው ጌቶ ክላሲክስ ልጆችን ቫዮሊንና መለከት ማስተማር ጀመረ። በኦርኬስትራ ውስጥ አንድ ልጅ ተራውን ካልጠበቀ፣ ጎረቤቱን ካልሰማ፣ ዜማው ይፈርሳል። ልጆቹ ከኖታው ጋር አብረው የሚማሩት ይህንን ነው።

ዜማ ሲመርዝ

ሙዚቃ ሁልጊዜ በጎ ነው ብሎ መደምደም ግን እውነትን መሸሽ ነው። ያው አብሮ የመዝፈን ኃይል ሰውን «እኛ» ብሎ ሲያስር «እነርሱ» የሚባሉትን ውጭ ሊያስቀር ይችላል። በሩዋንዳ የሲሞን ቢኪንዲ ዘፈኖች ለፀረ ቱትሲ ቅስቀሳ ውለዋል። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ዘፋኙን በ15 ዓመት እስራት ቀጥቶታል፤ የተቀጣው በዘፈኖቹ ሳይሆን በድምፅ ማጉያ ለግድያ በመቀስቀሱ ነበር። በእኛም አገር ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል የተከተለው ሁከት የብዙ ንጹሐንን ሕይወት ቀጥፏል። የአንድ ድምፃዊ ሞት አገር ሲያናውጥ፣ ዜማ የስንት ሰው ልብ ተሸክሞ እንደሚሄድ እንረዳለን። እንዲህ ያለ ሸክም የያዘ ነገር በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል።

ፉከራም ቢሆን ዓድዋ ላይ ወራሪን መልሷል፤ በወንድም ላይ ሲፎከር ግን ያው ዜማ መርዝ ይሆናል። ልዩነቱ ዘፈኑ ለሌላው ሰው ቦታ መተዉና አለመተዉ ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ማስረጃዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፍርድ ይመራሉ። ሙዚቃ የሰውን መንፈስ ያጠነክራል፤ ሙሾው፣ ማኅሌቱ፣ የታክሲ ነጂው ኪቦርድ ይመሰክራሉ። ሰውን ከሰው ያገናኛል፤ ሕፃናቱ፣ የፖኮሞዋ እናት፣ የአባይ ልጆች ይመሰክራሉ። ይህን የሚያደርገው ግን ተቀባይ ሲኖረው ነው። ተቀባይ ያጣ ዜማ ብቸኝነት ነው፤ ተቀባይን የናቀ ዜማ ምጽዋት ነው፤ ተቀባይን የሚያባርር ዜማ ጦር ነው።

በኪሊማኒም ሆነ በሌላ የባዕድ ከተማ ለምትኖሩ ወገኖቼ የማቀርበው ልመናም ከዚህ የመነጨ ነው። ለልጆቻችሁ ዘፈን ከስልክ ማጫወት መልካም ነው፤ አብራችኋቸው ዝፈኑ፣ ከዚያም እነርሱ ያውጡ፣ እናንተ ተቀበሉ። ክራር የሚደረድር ሽማግሌ በአቅራቢያችሁ ካለ ዛሬውኑ ልጅ ላኩለት። ኬንያዊ ጎረቤታችሁን ለቡና ስትጠሩትም የእናንተን ትዝታ ካሰማችሁት በኋላ እናቱ ምን እያለች ታስተኛው እንደነበር ጠይቁት። ቃሉ ባይገባችሁም ዜማውን ተቀበሉት።